ካርዱ የማይሸፍነው ክኒን

እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ምላጭ ይዤ ነበር።

ሥራዬ ፀጉር ማስተካከል ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ መቐለ የመጣሁት ገና ጎረምሳ ሳለሁ ነው፤ ሙያውን እዚሁ ለመድኩ፣ ትዳር እዚሁ ያዝኩ፣ ከሮማናት አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለ መንገድ ላይም ሁለት ወንበር ያላት ትንሽ ቤት ከፈትኩ። ያን ቀን ወንበሩ ላይ የነበሩት አቦይ ሐጎስ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡ፣ ጺማቸውን በምላጭ ካልሆነ የማያስነኩ ጡረተኛ መምህር። ሳሙናውን ቀብቼ ምላጩን ወደ አንገታቸው ሳስጠጋ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ፎጣ የምፈልግ መስዬ ዞር አልኩና ትንፋሼን ሰብስቤ ተመለስኩ፤ ያው ነው። በማሽን ጨረስኩላቸው። አቦይ ሐጎስ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝና ከፍለው ወጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አልመጡም።

ይህን የምጽፈው እንደኔ «ያልፋል» እያለ ወራት ለሚያባክን ሰው ነው። ደግሞም የጤና መድን ካርድ ኪሱ ውስጥ ስላለ ብቻ ሁሉም ነገር የተሸፈነለት ለሚመስለው፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

መንቀጥቀጡ ብቻውን አልመጣም። እንደ ጉድ እበላለሁ፣ ግን እከሳለሁ። ሰው ሁሉ ጃኬት ደርቦ በሚሄድበት ጠዋት እኔን ላብ ያጠምቀኛል። ቁጭ ባልኩበት ልቤ ዳገት እንደወጣ ሰው ትደልቃለች። እንቅልፍም ጠፋ፤ የገዛ ልቤን እያዳመጥኩ፣ አሁን ብትቆምስ እያልኩ የማነጋባቸው ሌሊቶች በዙ። ጠባዬ ተበላሸ። ባለቤቴ ለምለም በደህና ስታናግረኝ እጮህባታለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ ይመጣል።

ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ተወሰደና «ታይፎይድ ነው» ተባልኩ፤ መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ለውጥ የለም። ሌላ ክሊኒክ «ጨጓራ» አለኝ። ሦስተኛው ቦታ ያገኘሁት ሐኪም ደግሞ «ጭንቀት ነው፤ ከጦርነቱ ወዲህ ብዙ ሰው እንዳንተ ነው» ብሎ ሸኘኝ። እውነት ለመናገር ይህኛውን አመንኩት። እዚህ ከተማ ውስጥ ያልተጨነቀ ማን አለና።

ደንበኛ ግን ዐይን አለው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ፀጉር አስተካካይ ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ መጠጥ። ወሬውን ቤቴ ድረስ ያመጣው የለምለም ታላቅ ወንድም ሃፍቶም ነበር። ከኔ ሱቅ አለፍ ብሎ ጫማ ይሸጣል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እህቱን ስለሚወድ ነው። አንድ ምሽት ከሥራ ስገባ ለምለም በር ላይ ተቀበለችኝ፤ ሰላም የምትለኝ መስሎኝ ጎንበስ ስል አፌን አሸተተችኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምንም።»

«ጠጥቶ መጣ ብለሽ ነው?»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ሃፍቶም ነገረኝ። ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል አለኝ። ዋእ፣ እኔ ምን ልበል? ትከሳለህ፣ ትንቀጠቀጣለህ፣ ትቆጣለህ።»

«አልጠጣሁም፣ ለምለም።»

«አልጠጣህም። አሁን አወቅሁ።» ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች፤ ድምጿ ተለወጠ። «እንግዲያው ታመሃል ማለት ነው። ነገ ሱቁ ይዘጋል። ካርዱን ይዘን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

ካርዱ ያለችው የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርዳችንን ነው። በየዓመቱ መዋጮውን ከፍለን እናሳድሰዋለን። የሚሠራው በመንግሥት ጤና ተቋም ነው፤ ከጤና ጣቢያ ይጀመርና ከበድ ካለ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። እኔ ግን ወረፋውን ፈርቼ፣ ከኪሴ እየከፈልኩ በየግል ክሊኒኩ ስዞር ነው የከረምኩት።

የምንኖረው ከከተማው ዳር፣ ቁሓ ነው። በማግስቱ እዚያው ጤና ጣቢያ ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ የገባንበት ጤና መኮንን ታሪኬን እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ከዚያ ሁለት እጆቼን ወደ ፊት እንድዘረጋ አደረገኝና ጣቶቼ ላይ አንድ ነጭ ወረቀት አስቀመጠ። ወረቀቱ ነፋስ እንደነካው ተርገበገበ። ውሃ ሰጥቶኝ ስውጥ አንገቴን በትኩረት ተመለከተ፤ የልብ ምቴን ያዘ፤ ዐይኖቼን አየ።

«ትጠጣለህ?» አለኝ።

«አይጠጣም» አለች ለምለም፣ እኔን ቀድማ።

ፈገግ አለ። «ጭንቀትም አይመስለኝም። የአንገት ዕጢ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሪፈር እጽፍልሃለሁ፤ እንዳትቆይ።»

ሆስፒታል ስንደርስ አግዳሚው ሁሉ ሞልቷል። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከገጠር የመጡ የሚመስሉ አንዲት እናት አይተውኝ ተነሡ። «ተቀመጥ ወደይ፣ ኣጆኻ» አሉኝ፤ ልጄ፣ አይዞህ ማለታቸው ነው። እምቢ ብል ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። እሳቸው ራሳቸው ታማሚ መሆናቸውን ያወቅሁት ስማቸው ሲጠራና አንካሳ እግራቸውን እየጎተቱ ሲገቡ ነው።

ዶክተሯ የመረመረችኝ ተጣድፋ አልነበረም። «አንገትህ ላይ ታይሮይድ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች» አለችኝ። «የሰውነትን ፍጥነት የምትወስነው እሷ ናት። ያንተዋ ከልክ በላይ እየሠራች ነው። ነዳጅ መስጫው ተረግጦ እንደቀረ መኪና፣ ቆመህም ትሮጣለህ።»

«ይድናል?»

«ይድናል። ግን ክኒኑን ረጅም ጊዜ ትወስዳለህ፤ ዓመትም ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም በላይ። በራስህ ጊዜ ማቋረጥ የለም።»

ከዚያ ክፍል ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር። ለወራት ጠጪ፣ ፈሪ፣ ቁጡ ስባል የኖርኩት ሰውዬ ለካ ታማሚ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩን ለማረጋገጥ የሆርሞን ምርመራ ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ የምርመራው ኬሚካል አልቋል። «ውጭ አሠርተህ አምጣ» ተባልኩ። አንድ የግል ላቦራቶሪ ሄጄ ካርዴን ዘረጋሁ። የተቀበለችኝ ልጅ ገልበጥ አድርጋ አየችውና በትሕትና መለሰችልኝ፦ «ይሄ እኛ ጋ አይሠራም ወንድሜ።»

ከኪሴ ከፍዬ አሠራሁ፤ ዕጢዋ መሆኗ ተረጋገጠ። ክኒኑም እንደዚያው ሆነ። ሆስፒታሉ ውስጥ ሲኖር በካርዴ እወስዳለሁ፤ ሲጠፋ ከውጭ ግዛ እባላለሁ። ሆስፒታሉ ባለበት ሰፈር፣ ዓይደር ያሉትን ፋርማሲዎች አዳረስኩ፤ አንዱ የለውም፣ ሌላው ቢኖረውም ዋጋው አይቀመስም። ገበያዬ ደግሞ በወሬው ቀዝቅዟል። ለምለም አንዴ ከእናቷ፣ አንዴ ከጎረቤት እየተበደረች ገዛችልኝ። ስትመለስ ፊቷን ማየት ከበደኝ። ትንሽ ሻል ስላለኝም ነው መሰለኝ፣ ክኒኑ እንዲበረክት ለሁለት እየከፈልኩ መዋጥ ጀመርኩ፤ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለልኩ፤ ከዚያ አለቀ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ከቁሓ ወደ ሮማናት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ልቤ መንገድ ሳተች። እንደ ድሮው መደለቅ ብቻ አይደለም፤ ትዘላለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትጋልባለች። ትንፋሽ አጠረኝ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ምንም ሳይጠይቅ መንገዱን ቀይሮ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አቆመ። ሁሉም ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ነው፤ ግን ያጉረመረመ ተሳፋሪ አልሰማሁም።

ተኛሁ። ኦክስጅን ተደረገልኝ፣ ልቤን የሚያረጋጋ መድኃኒት ተሰጠኝ፣ ቀስ በቀስ ተመለስኩ። የምወጣ ዕለት ለምለም ካርዱን ይዛ ሂሳብ ክፍል ሄደች። አልጋው፣ ምርመራው፣ መርፌው፣ ሁሉም ተሸፍኗል። ከዚያ ወደ ቤት ይዤው የምሄደው ማዘዣ ተሰጠን፤ ክኒኑ እዚህ የለም፣ ከውጭ ነው።

ለምለም መውጫው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

«ለመተኛትህ ይከፍላሉ» አለች። «እንዳትተኛ ለሚያደርግህ ክኒን ግን አይከፍሉም።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ነገሩ ገና ያኔ ነው ለሁለታችንም የገባን።

እኛም ሃፍቶምም የትንንሽ ነጋዴዎች ቁጠባና ብድር ማኅበር አባላት ነን። እኔ ከሆስፒታል በወጣሁ ሰሞን ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። ከአንድ የግል መድን ድርጅት ጋር ተነጋግረው ለአባላትና ለቤተሰብ ተጨማሪ የጤና መድን ለመግባት አስበዋል። ድርጅቱ ሰናይት የምትባል ሠራተኛ ልኳል፤ ሁለት አማራጭ ይዛ መጣች። አንደኛው በግል ሆስፒታል ተኝቶ ለመታከምና ለቀዶ ሕክምና የሚከፍል ነው፤ ጣሪያው፣ ማለትም በዓመት ለአንድ ሰው የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን፣ ትልቅ ነው። ሁለተኛው ተኝቶ መታከምን አይነካም፤ ለተመላላሽ ሕክምና፣ ለላቦራቶሪና ከውጭ ለሚገዛ መድኃኒት ነው፤ ጣሪያውም ዝቅ ያለ ነው። መዋጮዋቸው ይቀራረባል። ማኅበሩ የሚችለው አንዱን ብቻ ነው።

አዳራሹ ወደ ትልቁ ቁጥር አዘነበለ። «ይሄማ ምን ጥያቄ አለው፤ ከባድ ነገር የመጣ ቀን የሚያድነው አንደኛው ነው» አለ አንዱ፤ ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ምሕረት፣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ድምፅ እንስጥ ሊሉ ሲሉ ለምለም ተነሣች።

«ሁለተኛው ላይ ጥያቄ አለኝ። መድኃኒቱን የምንወስደው ከየት ነው?»

«ውል ካለን ፋርማሲ ከሆነ መታወቂያችሁን አሳይታችሁ፣ ትንሽ ድርሻ ከፍላችሁ ትወስዳላችሁ» አለች ሰናይት። «ውል ከሌለን ቦታ ከገዛችሁ ግን መጀመሪያ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ፤ ደረሰኝ ስታመጡ እንመልሳለን። ጊዜ ይወስዳል፤ አልዋሻችሁም።»

«ውል ያላችሁ የት የት ነው?»

«ዓይደርና መሀል ከተማ። ቁሓ ገና የለንም።»

«ቀድሞ የታመመ ሰውስ?»

«ይገባል። ግን ለዚያ ሕመሙ ስድስት ወር ይጠብቃል። ሲመዘገብ መናገር አለበት፤ ደብቆ በኋላ ከታወቀ አንከፍልም።»

አጠገቤ የተቀመጠው ሃፍቶም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ዝም በል። ስድስት ወር ተመልካች ከምትሆን ዝም በል። ደግሞ ደንበኞችህ ሁሉ እዚህ ናቸው፤ ታምሜአለሁ ብለህ ማን ምላጭ ያስነካሃል?»

እውነቱን ነው። ከአዳራሹ ወንዶች ግማሹ እኔ ጋ ፀጉሩን ተስተካክሎ ያውቃል። ለምለምን አየኋት። ተናገርም አትናገርም አላለችኝም። አፌን ያሸተተችበት ምሽት ትዝ አለኝ፤ ከዚያ የባሰ ሰው ስለኔ ምን ሊያስብ ይችላል? ተነሣሁ።

«አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ» አልኩ። «እጄ እንደሚንቀጠቀጥም አይታችኋል። መጠጥ አይደለም። ታይሮይድ የሚባል የአንገት ዕጢ ሕመም ነው፤ ይድናል ብለውኛል።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ከጀመርኩ በኋላ ማቆም ከበደኝ።

«በቅርቡ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። የማኅበረሰብ መድኔ ሁሉንም ሸፈነልኝ። ያ ካርድ እናንተም ጋ አለ። አልጋ ላይ የጣለኝ ቀዶ ሕክምና ማጣት አይደለም፤ ክኒን ማጣት ነው። ሁለተኛው ቢመረጥ ለኔ ስድስት ወር አይከፍልም፤ ሰምታችኋል። እኔ የምለው፣ ያለንን ደግመን ከምንገዛ የሌለንን እንግዛ ነው።»

ቅድም የተናገረው ሰው መልስ ነበረው። «ሓወይ፣ ቀዶ ሕክምናስ በካርዱ ወረፋው መች ይደርሳል?» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው።

«እሱም እውነት ነው» አለች ሰናይት። «ወረፋ መጠበቅ ለማይፈልግ ሰው አንደኛው ይሻለዋል። የትኛው ጉድጓድ እንደሚያስፈራችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።»

ወይዘሮ ምሕረት መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ የደም ግፊት ክኒን እውጣለሁ» አሉ። «በየወሩ። ለማንም ነግሬ አላውቅም።» ከኋላ አንዱ ስኳር እንዳለበት ተናገረ። አንዲት ሴት የልጇን አስም አነሣች። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ስብሰባ አልመሰለም፤ ሰው ጎረቤቱን እየጠየቀ ማውራት ጀመረ። ድምፅ ሲሰጥ ሁለተኛው አሸነፈ፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነበር።

ስንወጣ ሃፍቶም ከኋላ ደረሰብኝ።

«መጠጥ ነው ያልኳት እኔ ነኝ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ጫማ የማመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ዕቃ በመጣ ቁጥር ክኒንህንም አስመጣለሁ። እዚያ ይረክሳል።»

ያን ስድስት ወር ያለፍኩት እንደዚያ ነው። ጫማው በሚጫንበት ሁሉ የኔም ክኒን ይመጣል። ሲዘገይ ሃፍቶም ከኔ በላይ ይጨነቅ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ በነበረው ቅዳሜ አቦይ ሐጎስ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ወሬው ደርሷቸዋል። ገብተው ተቀመጡና «ምላጩን አምጣ» አሉኝ።

«ገና ነው አቦይ። ዛሬ በማሽን ነው።»

«እኔ አልፈራም።»

«እኔ እፈራለሁ።»

ሳቁ። በማሽን ላጨኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አልቀሩብኝም።

የመጠበቂያው ጊዜ ባለቀ ሰሞን ማዘዣዬን ይዤ ዓይደር ውል ያለው ፋርማሲ ገባሁ። ባለሙያው መታወቂያዬን አይቶ ደወለ፣ ክኒኑን ቆጥሮ በፌስታል ሰጠኝ፣ ድርሻዬን ተቀበለ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ቀረህ?» አለኝ።

«ጨርሰናል?»

«ጨርሰናል። ሂድ በቃ።»

ከደስታዬ የተነሣ ሚኒባስ መያዝ አስጠላኝና ወደ ሱቄ የሚወስደውን ረጅም መንገድ በእግሬ ተያያዝኩት። ልቤ በመራመዴ ልክ ብቻ ትመታ ነበር።

ከዚያም በኋላ ያስፈራኝ ነገር አልጠፋም። ዶክተሯ አስቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ ይህ ክኒን በጥቂት ሰዎች ላይ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉትን የደም ሕዋሳት ሊቀንስ ይችላል፣ ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስለት ካየህ ሳትውል ሳታድር ደምህን ተመርመር ብላኛለች። አንድ ጠዋት ጉሮሮዬ እሳት ሆኖ፣ ግንባሬ ግሎ ተነሣሁ። ድሮ ቢሆን ሎሚ በማር ጠጥቼ እጠብቅ ነበር። ለምለም ልብሷን ደርባ «ተነሣ» አለችኝ። በዚያው ጠዋት ውል ባለው ላቦራቶሪ ደሜ ታየ። ውጤቱን እስኪያወጡ ኮሪደሩ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀመጥን። ደሜ ደህና ነበር፤ ተራ የጉሮሮ ሕመም ነው። ለምለም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ይህን መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ ይህን እንዳትረሱ። ተጨማሪ መድን የምትመርጡም፣ ከትልቁ ቁጥር በፊት እኛ የጠየቅነውን ጠይቁ፤ በእጃችሁ ያለው ካርድ የት ላይ እንደሚያቆም፣ መድኃኒቱ ከየት እንደሚወሰድ፣ ቀድሞ የነበረ ሕመም ስንት ጊዜ እንደሚጠብቅ። ሕመማችሁንም አትደብቁ። እኔ ብደብቅ ኖሮ ያን ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የምቀመጠው ሌላ ፍርሃት፣ ቢታወቅብኝ አይከፍሉም የሚለውን፣ ጨምሬ ነበር።

ኪሎዬ ተመለሰ። እንቅልፌም ተመለሰ፤ ለምለም አሁን ታንኮራፋለህ ብላ ትወቅሰኛለች። ምላጭም እንደገና መያዝ ከጀመርኩ ቆየሁ። ዶክተሯ የክኒኑን መጠን እየቀነሰች ነው፤ ልታቆምልኝ እንደምትችል ነግራኛለች፤ ሊመለስ እንደሚችልም አልደበቀችኝም። ሁለቱንም ተቀብያለሁ።

በቅርቡ ማኅበሩ መድኑን ለማደስ ተሰበሰበ። ያ ያኔ ስለ ቀዶ ሕክምና የተከራከረኝ ሰው እጁን አወጣ። ብርሃነ ይባላል፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል፣ እንደ ግንድ ጠንካራ ነው።

«ዓመቱን ሙሉ አንድ ክኒን አልወሰድኩም» አለ። «ቤተሰቤም እንደዚሁ። ያዋጣሁት ገንዘብ ባከነ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ መለስኩለት።

«አልባከነም፣ ብርሃነ። እኔ ውጬዋለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱም መሳቁን ሊደብቅ ሞከረ፤ አልቻለም። ከዚያ ተነሥቶ መዋጮ ወደሚሰበሰብበት ጠረጴዛ ሄደ፣ ከኪሱ ገንዘብ አወጣና ወደኔ ዞረ።

«እንግዲያው ጤና ይሁንህ» አለኝ። «ዘንድሮ ደግሞ እኔ የምውጠው እንዳይሆን ጸልይልኝ።»

ከፈለ። እኔም ከኋላው ተሰለፍኩ።